እንግሊዞች ውጊያውን ሁሉ አሸንፈው የመቶ ዓመቱን ጦርነት እንዴት ተሸነፉ?

ጥያቄ_አያልቅበት | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10

ሰላም ለዚህ ቤት። ትናንት ማታ ከአጎቴ ልጅ ጋር ስለ መቶ ዓመቱ ጦርነት ስንከራከር አምሽተን ሳንግባባ ተኛን። እሱ «እንግሊዞች ፈረንሳዮችን ልካቸውን አስገብተዋቸዋል» ይላል። እኔ «ታዲያ ዛሬ ቦርዶ የማን ከተማ ናት?» አልኩት። መልስ ሲያጣ «አንተ ደሞ ጨዋታ ማበላሸት ልማድህ ነው» ብሎ ብርድ ልብሱን ተከናነበ።

እውነቱን ለመናገር መልሱን እኔም አላውቀውም። በ1346 ክሬሲ ላይ እንግሊዞች አሸነፉ። በ1356 ፑዋቲዬ ላይ አሸንፈው የፈረንሳይን ንጉሥ ማረኩ። በ1415 አዛንኩር ላይ ደገሙት። 1453 ላይ ስንደርስ ግን ከካሌ በቀር በፈረንሳይ ምድር አንድ ጋሻ መሬት አልቀራቸውም። ሲያሸንፉ ኖረው እንዴት ተሸነፉ? የምታውቁ አስረዱኝ፤ ልጁ ቅዳሜ ተመልሶ ይመጣል።

(ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው፤ ማንም እንዳያርመኝ።)

መርካቶ_ሰባተኛ | 2፡14

ከ1337 እስከ 1453 ስቆጥረው 116 መጣብኝ። «መቶ» ያለው ሰውዬ አሥራ ስድስቱን መርቆ ነው?

እማዋይሽ_ከሊዮን | 2፡26

ለመርካቶ፦ ስሙን ያወጡት የ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሰዎች ናቸው እንጂ የተዋጉት አይደሉም። ክሬሲ ላይ የወደቀ ሰው የልጅ ልጁ በዚያው ጸብ አዛንኩር ላይ ይወድቃል ብሎ መቼ አሰበ? በመሀል የእርቅ ዓመታት አሉ። ጥቁሩ ሞት የሚሉት ቸነፈር መጥቶ ሁለቱንም አገር ያጨደበት ጊዜም አለ። አንድ ረጅም ጦርነት ከማለት ሦስት አራት ጦርነት በአንድ ዘውድ ላይ ተደራረበ ብትል ይቀርባል።

ቀስተኛው | 2፡31

የአጎትህ ልጅ ግማሹን ልክ ነው። እነዚያን ውጊያዎች ያሸነፈው ረጅሙ ቀስት ነው። ዬው ከሚባል ዛፍ የሚሠራ፣ ከሰው ቁመት የማያንስ ደጋን ነው። ለመሳብ የልጅነት ልምምድ ይጠይቃል፤ ጎልማሳ ሆነህ ጀምረህ አይሆንልህም።

ክሬሲን ልንገራችሁ። የፈረንሳይ ንጉሥ ፊሊፕ 6ኛ ከጣሊያን ጄኖዋ የቀጠራቸውን ባለ መስቀለኛ ቀስት ወታደሮች አስቀደመ። ሰዎቹ ሲጓዙ ውለው ደክመዋል። የሚከለሉበት ትልልቅ ጋሻ ገና ኋላ ከጓዙ ጋር ነው፤ ዝናብም ጥሏል። እነሱ አንድ ጊዜ ወጥረው እስኪለቁ የእንግሊዙ ቀስተኛ ፍላጻውን እየደጋገመ ይለቃል፤ በደቂቃ አሥር ያህል። አልቻሉም፣ ወደ ኋላ አሉ። የፈረንሳይ መኳንንት በንዴት የራሳቸውን ቅጥረኞች በፈረስ እየረገጡ ወደ ፊት ገቡ። ከዚያ በኋላ ያለው ፍጅት ነው። ፍላጻው ፈረሱን ይመታል፣ ፈረሱ ይወድቃል፣ የወደቀው የሚከተለውን ያደናቅፋል። ዓይነ ስውሩ የቦሄሚያ ንጉሥ ዮሐንስ ሳይቀር ፈረሱን ከባልደረቦቹ ፈረስ ጋር አሳስሮ ገብቶ እዚያው ቀረ።

የእንግሊዙ ንጉሥ ኤድዋርድ 3ኛ በ1363 ሕዝቡ በበዓል ቀን ኳስና ሌላ ጨዋታ ትቶ ቀስት ይለማመድ ብሎ አዋጅ አስነግሯል። ኳስ የከለከለ መንግሥት ምን ያህል እንዳመረረ አስቡት።

ሂሳብ_ሹም | 2፡58

ልጄ ቀስተኛው፣ የጻፍከውን በደስታ አነበብኩት፤ ነገር ግን የልጁን ጥያቄ አልነካኸውም። እሱ የጠየቀው እንዴት አሸነፉ ሳይሆን እንዴት ተሸነፉ ነው።

ቀስተኛ ሜዳ ላይ ቆሞ የመጣበትን ይጥላል። ያልመጣበትን ምን ያደርገዋል? በ1364 የነገሠው የፈረንሳይ ንጉሥ ሻርል 5ኛ ይህ ገብቶታል። በርትራን ዱ ጌክላን የሚባል የብሪታኒ ሰው የጦር አዛዥ አደረገና ከእንግሊዝ ዋና ጦር ጋር ሜዳ ላይ መግጠም አቆመ። እንግሊዝ ሲመጣ ገበሬው ከብቱን ይዞ ግንብ ውስጥ ይገባል፣ በሩ ይዘጋል። በ1373 የእንግሊዙ ንጉሥ ልጅ ጆን ኦፍ ጎንት ከካሌ ተነሥቶ አገር ለአገር እስከ ቦርዶ ሄደ። የሚገጥመው አጣ። ሰዉም ፈረሱም በረሃብና በብርድ እየረገፈ ቦርዶ ሲገባ ጦሩ ጦር አይመስልም ነበር። ሻርል 5ኛ በ1380 ሲሞት እንግሊዝ በእጇ የቀራት ካሌ፣ ቦርዶ፣ ባዮን እና ጥቂት የባሕር ዳር ምሽግ ነው። አንድም ክሬሲን የሚያህል ውጊያ ሳይደረግ!

ጥያቄ_አያልቅበት | 3፡05

ጋሼ ሂሳብ ሹም፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን ከሥሩ ቢጀምሩልኝ? ጸቡ ራሱ ከምን ተነሣ? አንዳንዱ የዘውድ ነው ይላል፣ አንዳንዱ የመሬት።

ሂሳብ_ሹም | 3፡34

ሁለቱም ነው፤ መጀመሪያ ግን የመሬት። የእንግሊዝ ነገሥታት በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ ጋስኮኒን ይዘው ነበር። ከተማዋ ቦርዶ፣ ሀብቷ ወይን ጠጅ። ችግሩ አያያዙ ላይ ነው። መሬቱን የያዙት በራሳቸው ንግሥና ሳይሆን በፈረንሳይ ንጉሥ ሥር እንዳለ ባለ ጉልት ነው። ፓሪስ ላይ አዲስ ንጉሥ በተቀመጠ ቁጥር የእንግሊዙ ንጉሥ ሄዶ እጅ መንሣት አለበት። ዘውድ የደፋ ሰው ሌላ ዘውድ ለደፋ ሰው መንበርከክ ይጥመዋል?

በ1328 የፈረንሳይ ንጉሥ ሻርል 4ኛ ወንድ ልጅ ሳይተካ ሞተ። እኅቱ ኢዛቤላ የእንግሊዙ የኤድዋርድ 3ኛ እናት ናት። ኤድዋርድ የሟቹ የእኅት ልጅ ሆነ ማለት ነው፤ ከእሱ የቀረበ ወንድ የለም። የፈረንሳይ መኳንንት ግን ዘውድ በሴት በኩል አይተላለፍም ብለው የሟቹን የአጎት ልጅ ፊሊፕን አነገሡ። ስለ ሴት ውርስ የሚጠቀሰው የጥንቱ የሳሊክ ሕግ በዚያ ቀን የተጠቀሰ አይደለም፤ ክርክሩን ለማጠንከር በኋላ ከመዝገብ የወጣ ነው። እውነተኛው ምክንያት የሌላ አገር ንጉሥ አናነግሥም የሚለው ይመስለኛል።

ኤድዋርድ ያኔ የ15 ዓመት ልጅ ነው። በ1329 አሚየን ሄዶ ለፊሊፕ እጅ ነሣ። ነገሩ ያለቀ መስሎ ነበር። በ1337 ፊሊፕ ጋስኮኒን ወረስኩ ሲል ነው ያ የዘውድ ጥያቄ ከሣጥን የወጣው። በ1340 መጀመሪያ ጌንት ከተማ ላይ ኤድዋርድ የፈረንሳይ ንጉሥ ነኝ ብሎ አወጀ።

ለምን ጌንት? የፍላንደርስ ሸማኔ የሚሠራው በእንግሊዝ የበግ ፀጉር ነው። ኤድዋርድ ፀጉሩን ሲከለክል ሸማኔው ሥራ ፈታ። ከኤድዋርድ ጋር ሊያብሩ ፈለጉ፤ ሆኖም በሕግ የበላይ ጌታቸው የፈረንሳይ ንጉሥ ነው። ኤድዋርድ ራሱ የፈረንሳይ ንጉሥ ከተባለ ግን አመፃቸው አመፅ መሆኑ ቀረ፤ ታማኝነት ሆነ። ዕድሜ ልኬን ሰነድ ሳገላብጥ ኖሬ እንዲህ የሠራ ማዕረግ አላየሁም።

ስለ ገንዘብ ካነሣን ደግሞ፣ ያን ጊዜ ኤድዋርድ ባርዲና ፔሩዚ ከሚባሉ የፍሎሬንስ ባንኮች ተበድሮ ነበር የሚዘምተው። እዳውን አልከፈለም። ሁለቱም በ1340ዎቹ ወደቁ። ሌላም በሽታ ነበረባቸው፤ ንጉሡ ግን ሸክሙን ጨመረባቸው።

መርካቶ_ሰባተኛ | 3፡37

ንጉሥ ሲበደር ዋሱ ማነው?

ሂሳብ_ሹም | 3፡41

የበግ ፀጉር ቀረጥ። ጥያቄህ ከምታስበው በላይ ጥሩ ነው።

የተማረከውን ንጉሥ ነገርም ልጨምር። ዣን 2ኛ ፑዋቲዬ ላይ ሲያዝ እንግሊዞች ለቤዛው 3 ሚሊዮን የወርቅ ኤኩ ጠየቁ። በ1360 በብሬቲኚ ስምምነት የፈረንሳይን ደቡብ ምዕራብ ሰፊ ግዛት ከነቤዛው አገኙ። በዚያው ዓመት ፈረንሳይ አዲስ የወርቅ ሳንቲም አወጣች፤ ስሙ ፍራንክ። ቃሉ «ነጻ» ማለት ነው፤ ንጉሡ ነጻ ወጣ ለማለት። ቤዛው ተከፍሎ ሳያልቅ በመያዣነት የተቀመጠው ልጁ ሉዊ አመለጠ። ዣን ይህን ሲሰማ በራሱ ፈቃድ ወደ ለንደን ተመለሰና በ1364 እዚያው ሞተ።

መርካቶ_ሰባተኛ | 3፡44

እኔ «አምስት ፍራንክ የለኝም» ስል የንጉሥ ቤዛ እየጠራሁ ኖሯል ለካ።

እማዋይሽ_ከሊዮን | 4፡10

ንጉሥ ተማረከ፣ ንጉሥ ተዋጀ... በመሀል ያለው ገበሬስ? እስካሁን ከብቱን ይዞ ግንብ ሲገባ ብቻ ነው ያየነው።

እዚህ አገር ልጆቼን ትምህርት ቤት ሳመላልስ የታሪክ መጽሐፋቸውን እያየሁ ነው ይህን ነገር የጀመርኩት። ትልልቆቹ ውጊያዎች ጥቂት ቀናት ናቸው። የቀረው ጊዜ ፈረንሳዮቹ ሽቮሼ የሚሉት ነው። ጦሩ ሰፊ ግንባር ይዞ በፈረስ ያልፋል፤ በመንገዱ ያገኘውን እህል፣ ጎተራ፣ ወፍጮ፣ የወይን ተክል ያቃጥላል፣ ከብት ይነዳል። በ1355 የኤድዋርድ ልጅ፣ ጥቁሩ መስፍን የሚባለው፣ ከቦርዶ ተነሥቶ እስከ ናርቦን ድረስ እንዲህ እያደረገ ደርሶ ተመለሰ። ይህ ዝም ብሎ ዱርዬነት አይደለም። የተቃጠለ መንደር ለፈረንሳይ ንጉሥ ግብር አይከፍልም። ገበሬውም «ሊጠብቀኝ ያልቻለ ንጉሥ ምኔ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። በኋላ የነገሠው የእንግሊዙ ሄንሪ 5ኛ «እሳት የሌለው ጦርነት ሰናፍጭ እንደሌለው ቋሊማ ነው» አለ ይባላል። ብሎትም ይሁን አይሁን ሥራው ያንን ይመስላል።

እርቅ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ደመወዙ የቆመበት ወታደር የትም አይሄድም። በቡድን ሆኖ ቤተ መንግሥት የሚያህል ግንብ ይይዝና ዙሪያውን መንደር ያስገብራል። ገበሬው ለጌታው ይከፍላል፣ ለንጉሡ ይከፍላል፣ ለሽፍታው ይከፍላል። በ1358 ጸደይ ከፓሪስ ሰሜን ያለው ገበሬ ተነሥቶ በመኳንንቱ ላይ ዘመተ። ዣክሪ ይሉታል። መኳንንቱ በሳምንታት ውስጥ ጨፈጨፉት። የሚገርመው፣ ያን አመፅ ለመጨፍለቅ ከፈረንሳይም ከእንግሊዝም ወገን የነበሩ ፈረሰኞች አብረው ሰይፍ መዘዋል። የመደብ ነገር ሲመጣ ጠላትነቱ ለጊዜው ተረሳ።

ቀስተኛው | 4፡22

ይህን ሳላስብ ስለ ቀስት ብቻ መጻፌ አሳፈረኝ። ቢሆንም ስለ አዛንኩር አንድ ነገር ልበል፤ ካላልኩ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ሄንሪ 5ኛ አርፍለርን ከብቦ ያዘ፤ ግን ጦሩ በተቅማጥ አለቀበት። ወደ ካሌ ሲያፈገፍግ ነው ኦክቶበር 25 ቀን 1415 ፈረንሳዮች መንገድ የዘጉበት። ሜዳው የታረሰ ነው፣ ሌሊቱን ዘንቦበታል፣ በግራና በቀኝ ጫካ ነው። ብረት ለብሶ በእግሩ የሚመጣው የፈረንሳይ መኳንንት ጭቃው እስከ ጉልበቱ ይውጠዋል። ቦታው ጠባብ ስለሆነ ከኋላ የሚመጣው የፊተኛውን ይገፋዋል። ብዙዎቹ የሞቱት በቁስል ሳይሆን ታፍነው ነው። እንግሊዞች ለምልክት ሁለት ጣታቸውን እያሳዩ...

እማዋይሽ_ከሊዮን | 4፡25

እዚያ ላይ ቁም!

ቀስተኛው | 4፡26

ምን አጠፋሁ?

እማዋይሽ_ከሊዮን | 4፡39

የሁለት ጣቱን ምልክት የዘመኑ ጸሐፊ አንዱም አልመዘገበውም፤ በኋላ የተለጠፈ ወሬ ነው። ያለው እንዲህ ነው። ዣን ደ ዋቭረን የሚባል፣ በዕለቱ በፈረንሳይ ወገን የነበረ ሰው፣ ሄንሪ ቀስተኞቹን ሲያደፋፍር «ፈረንሳዮች የቀኝ እጃችሁን ሦስት ጣት ሊቆርጡ ዝተዋል» አለ ብሎ ጽፏል። ሦስት ጣት ነው እንግዲህ፣ ዛቻም ነው።

አንተም የዘለልከው አለ። ውጊያው ሳያልቅ ሄንሪ እጃቸውን የሰጡ ምርኮኞች እንዲገደሉ አዘዘ። ከኋላ እንዳይነሡብኝ ብሎ ነው ይላሉ። ምርኮኛ ማለት ያን ጊዜ ቤዛ የሚከፈልበት ሀብት ነውና ከገዛ ወታደሮቹ ብዙዎቹ አንገራገሩ። ያንገራገሩት በርኅራኄ እንዳይመስልህ።

ሰነፍ_አንባቢ | 4፡50

አጂንኮርት ነው ወይስ አዛንኩር? ሁለት ውጊያ መስሎኝ ግራ ገባኝ።

እማዋይሽ_ከሊዮን | 4፡52

አንድ ነው። ያሸነፉት አጂንኮርት ይሉታል፣ መንደሩ ውስጥ የሚኖሩት አዛንኩር ይሉታል።

ጥያቄ_አያልቅበት | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡15

አድሬ ስመለስ ይህ ሁሉ! እሺ፣ ከአዛንኩር በኋላ ግን ሄንሪ ሁሉንም አግኝቶ አልነበር? የፈረንሳይ ዘውድ በስምምነት ተሰጥቶት የለም እንዴ?

ሂሳብ_ሹም | ከጠዋቱ 2፡40

ተሰጥቶታል። የሰጡት ግን ፈረንሳዮች እርስ በእርስ ስለተባሉ ነው እንጂ በአዛንኩር ብቻ አይደለም።

ሻርል 6ኛ ከ1392 ጀምሮ አእምሮው የሚናወጥ ንጉሥ ነበር። ሲብስበት ሰውነቴ ከመስታወት የተሠራ ነው፣ እሰበራለሁ እያለ ሰው እንዳይነካው ይፈራ ነበር። እሱ እንዲህ ሲሆን ዘመዶቹ መንግሥቱን ለመያዝ ተሻሙ። በ1407 የቡርጎኝ መስፍን ዣን የንጉሡን ወንድም የኦርሌያንን መስፍን ፓሪስ መንገድ ላይ አስገደለ። በ1419 ደግሞ የቡርጎኙ መስፍን ራሱ ሞንትሮ ድልድይ ላይ ለእርቅ ንግግር ከአልጋ ወራሹ ጋር ቆሞ ሳለ በመጥረቢያ ተገደለ። የሟቹ ልጅ ፊሊፕ ደም ሊመልስ ከእንግሊዝ ጋር አበረ። በ1420 የትሯ ስምምነት የመጣው በዚህ በር ነው። ሄንሪ የንጉሡን ልጅ ካትሪንን አገባ፣ ንጉሡ ሲሞት እንዲወርስ ተጻፈለት፣ አልጋ ወራሹ ሻርል ተሻረ።

ከዚያ ዕጣው ገለበጠው። ሄንሪ በኦገስት 1422 በ35 ዓመቱ ሞተ። አማቱ፣ ያ ሊወርሰው ይጠብቀው የነበረ በሽተኛ ንጉሥ፣ ሁለት ወር ያህል አስከትሎ ሄደ። የሁለት አገር ዘውድ አንድ ዓመት ባልሞላው ሕፃን ላይ ወደቀ።

ለቅዳሜ ክርክርህ ዋናውን ነገር እዚህ ጋ ያዝ። ፈረንሳይ በሕዝብ ብዛት እንግሊዝን ሦስት እጥፍ ያህል ትበልጣለች። በወረራ ጊዜ ይህ ችግር አይደለም፤ ዘርፈህ ትመለሳለህ፣ ዘረፋው ራሱን ይከፍላል። ልትይዛት ስትነሣ ግን በየግንቡ ዘበኛ ታቆማለህ፣ ዘበኛ ደመወዝ ይፈልጋል። የእንግሊዝ ፓርላማ ደግሞ ከትሯ በኋላ እጁን ሰበሰበ። ንጉሣችን የፈረንሳይ ንጉሥ ከሆነ ፈረንሳይን የማስተዳደሩን ወጪ ፈረንሳይ ትቻል ነው ነገሩ። ከተዘረፈ አገር ማን ይክፈል?

ሰነፍ_አንባቢ | 2፡55

ዣን ዳርክ እስካሁን አልመጣችም። ለእሷ ብዬ ነው ይህን ሁሉ ያነበብኩት።

እማዋይሽ_ከሊዮን | 3፡30

እንግሊዝና ቡርጎኝ ከሉዋር ወንዝ በላይ ያለውን አብዛኛውን ያዙ። በጥቅምት 1428 ኦርሌያንን ከበቡ፤ እሷ ከወደቀች የተሻረው አልጋ ወራሽ ደቡብ በሩ ተከፈተ ማለት ነው። በፌብሩዋሪ 1429 ለከባቢው ጦር ስንቅ ይዘው የሚሄዱ የእንግሊዝ ጋሪዎችን ፈረንሳዮችና ስኮትላንዶች ሊይዙ ገጥመው ተሸነፉ። ጋሪዎቹ የጫኑት ለአቢይ ጾም የሚሆን ዓሣ በበርሜል ነው፤ ውጊያው እስከ ዛሬ የሄሪንግ ውጊያ ይባላል። በዓሣ ጋሪ የተሸነፈ ጦር ሞራሉ ምን ሊሆን ይችላል?

መርካቶ_ሰባተኛ | 3፡32

በአቢይ ጾም ዓሣ??

አወያይ | 3፡33

መርካቶ፣ በእመብርሃን፣ እዚህ እንዳትጀምረው። ለዓሣ ሌላ ክር አለ፤ 400 መልስ ላይ ደርሷል።

እማዋይሽ_ከሊዮን | 4፡05

እሺ። ዣን ከዶምሬሚ መንደር የመጣች የ17 ዓመት ገደማ የገበሬ ልጅ ናት። የቅዱሳን ድምፅ ሰማሁ ብላ ሺኖን ድረስ ሄዳ ሻርልን አገኘችው፤ ካህናት መረመሯት፣ ጥሩር አልብሰው ላኳት። ኤፕሪል 29 ኦርሌያን ገባች፤ ሜይ 8 ከበባው ተነሣ። በመሀሉ ከትከሻዋ በላይ በፍላጻ ተመትታ ወደ ውጊያው ተመልሳለች። ሰኔ ላይ ፓቴ በሚባል ቦታ የእንግሊዝ ቀስተኞች ገና እንጨት እየተከሉ ሳይዘጋጁ ፈረሰኛው ደረሰባቸው። ቀስተኛው ወንድሜ፣ ቀስትህ ያን ቀን ምንም አልፈየደም።

ለእኔ ትልቁ ሥራዋ ግን ሬንስ ነው። የፈረንሳይ ነገሥታት የሚቀቡት እዚያ ነው፤ መንገዱ በጠላት እጅ ባለ አገር ያልፋል። ሰዉ ሁሉ ወደ ኖርማንዲ እንዝመት ሲል እሷ ሬንስ አለች። ጁላይ 17 ቀን 1429 ሻርል 7ኛ ቅብዐ መንግሥት ተቀባ። እንግሊዞች ሕፃኑን ሄንሪ 6ኛን በ1431 መጨረሻ ፓሪስ ላይ ዘውድ ጫኑለት፤ ዘይቱ ግን ቀድሞ በሌላ ሰው ራስ ላይ ፈስሷል። ገበሬ ስምምነት አያነብም፤ የተቀባው ማን እንደሆነ ግን ያውቃል።

በሜይ 1430 ኮምፒየኝ ላይ የቡርጎኝ ሰዎች ያዟትና ለእንግሊዞች በ10,000 ሊቭር ሸጧት። ያነገሠችው ሻርል ሊዋጃት ጣቱን አላነሣም። ሩዋን ላይ በጳጳስ ፒየር ኮሾን ፊት ቀረበች። «በእግዚአብሔር ጸጋ ውስጥ ነሽ?» ብለው ጠየቋት። ወጥመድ ነው፤ አዎ ብትል ትዕቢት፣ አይደለሁም ብትል በራሷ ላይ ምስክርነት። «ካልሆንኩ እግዚአብሔር ያግባኝ፤ ከሆንኩም እዚያው ያጽናኝ» አለች። ፊደል ያልቆጠረች ልጅ! ሜይ 30 ቀን 1431 በእሳት አቃጠሏት።

እናቷ ኢዛቤል ከ24 ዓመት በኋላ፣ በ1455፣ አርጅታ ፓሪስ ኖትር ዳም ቤተ ክርስቲያን ቆማ የልጇ ፍርድ እንዲታይላት ለመነች። በሚቀጥለው ዓመት ፍርዱ ተሻረ። ስለ ዣን ከሚነገረው ሁሉ እኔን የሚያስለቅሰኝ ይህ ነው።

ቀስተኛው | 4፡20

ለፓቴ እጄን ሰጥቻለሁ። ግን እሷ ከሞተች በኋላ ጦርነቱ ሌላ 22 ዓመት ሄዷል። እሷ ብቻዋን ጨረሰችው ማለት አይቻልም።

ሂሳብ_ሹም | 6፡15

አይቻልም፤ እማዋይሽም አላለችም። በሩን ከፈተች፤ የገቡበት ሌሎች ናቸው።

በ1435 አራስ ላይ የቡርጎኙ ፊሊፕ ከሻርል ጋር ታረቀ። የደም ነገር በይቅርታና በመሬት ተዘጋ። በዚያው ሰሞን በፈረንሳይ የእንግሊዝን ግዛት የሚያስተዳድረው የቤድፎርድ መስፍን ሞተ። በሚቀጥለው ዓመት ፓሪስ ለሻርል በሯን ከፈተች።

ከዚያ ሻርል 7ኛ የሠራው ሥራ ዘፈን አይወጣለትም፤ እኔ ግን ከሁሉ አስበልጬ የምወደው እሱን ነው። ታይ የሚባለውን ቀጥታ ግብር በየጊዜው ምክር ቤት ሳይጠራ መሰብሰብ ጀመረ። በዚያ ገንዘብ በ1445 ደመወዝተኛ ቋሚ ጦር አቆመ፤ 15 ክፍል፣ በእያንዳንዱ 100 «ላንስ»፣ አንዱ ላንስ 6 ሰው። 9,000 ሰው መሆኑ ነው። ያ እማዋይሽ ያለችው፣ በእርቅ ጊዜ መንደር የሚያስገብር ሥራ ፈት ወታደር ግማሹ በዚህ ተቀጠረ፣ ግማሹ በዚህ ተባረረ። ዣን ቢሮና ወንድሙ ጋስፓር ደግሞ መድፉን አደራጁ። ዣን ቢሮ ከመኳንንት ወገን አይደለም፤ የሂሳብ ሰው ነው። የሙያ ባልደረባዬ መሆኑን ሳልጠቅስ አላልፍም።

እንግሊዞች በ1449 እርቁን አፍርሰው የፉዤርን ከተማ ሲዘርፉ ይህ ጦር ዝግጁ ሆኖ ጠበቃቸው። ሄንሪ 5ኛ ዓመታት የፈጀበት ኖርማንዲ በአንድ ዓመት ገደማ ተመለሰ። በኤፕሪል 1450 ፎርሚኚ ላይ ሁለት መድፍ ከሩቅ እየተኮሱ የእንግሊዝን ቀስተኞች ከቆሙበት ምሽግ አስወጧቸው።

ቦርዶ ግን ሌላ ነች። ለ300 ዓመት ወይኗን ለእንግሊዝ የሸጠች ከተማ ናት፤ በ1451 ስትያዝ ደስ አላላትም። በ1452 ሰዎቿ ለንደን ልከው አስመጧቸው። ሽማግሌው የእንግሊዝ ጦር አዛዥ ጆን ታልቦት መጣና ገባ። ጁላይ 17 ቀን 1453 ካስቲዮን ላይ የቢሮ ሰዎች ቆፍረው መድፍ ወደጠመዱበት ሰፈር አቧራ አይቶ «እየሸሹ ነው» ብሎ ገሰገሰ። አቧራው የጓዝ ፈረሶች ነበር። ታልቦት እዚያው ሞተ፣ ቦርዶም ኦክቶበር ላይ እጇን ሰጠች። ክሬሲን አስታውስ፤ የተዘጋጀ ምሽግ ላይ በጀግንነት የሚሮጠው አሁን እንግሊዙ ነው።

ጥያቄ_አያልቅበት | 6፡30

ይሄንን አትሜ ነው ልጁን የምጠብቀው። ማንም የስምምነት ወረቀት ፈርሞ አለቀ?

ሂሳብ_ሹም | 6፡38

ማንም አልፈረመም። በዚያው በ1453 ሄንሪ 6ኛ እንደ እናቱ አባት አእምሮው ተሰወረ፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላ እንግሊዞች እርስ በእርስ መዋጋት ጀመሩ። «የፈረንሳይ ንጉሥ» የሚለውን ማዕረግ ግን እስከ 1801 ድረስ አልተዉትም። ፈረንሳይ ንጉሥ ማንገሥ ከተወች በኋላም እነሱ ይጽፉት ነበር።

ካሌን_ያየ | ከምሽቱ 3፡50

ሁልጊዜ አንብቤ ነው የምወጣው፤ ዛሬ ግን «ከካሌ በቀር» የሚለውን ሳይ ዝም ማለት አቃተኝ። በ2015 ካሌ ነበርኩ። ወደ እንግሊዝ ማቋረጫ የምንጠብቅ ሁሉ ድንኳን ውስጥ ነበርን፤ ሐበሻው፣ ሱዳኑ፣ አፍጋኑ። ወደ ከተማ ስንወጣ ማዘጋጃ ቤቱ ፊት ስድስት የነሐስ ሰዎች ቆመዋል። ባዶ እግራቸውን፣ አንገታቸው ላይ ገመድ፣ ትልቅ ቁልፍ የያዘም አለ፤ ፊታቸው የጨለመ። አብሮኝ የነበረ ልጅ «እነዚህም መሻገሪያ ሲጠብቁ ነው እንዲህ የሆኑት» ብሎ አሳቀን። እነማን ነበሩ?

እማዋይሽ_ከሊዮን | 4፡08

ወንድሜ፣ እንኳን ተሻገርክ። የቀራጺው የሮዳን ሥራ ነው፤ ከተማዋ በ1895 ነው ያቆመችው። ኤድዋርድ 3ኛ ከክሬሲ በኋላ ካሌን 11 ወር ከበባት፤ ሰዉ በረሃብ አለቀ። በ1347 እጅ ሲሰጡ ስድስት ታላላቅ ሰዎች በሸሚዝ፣ በባዶ እግር፣ ገመድ በአንገታቸው አድርገው የከተማዋን ቁልፍ ይዘው እንዲመጡ ጠየቀ። ሊገድላቸው ነበር፤ እርጉዝ የነበረችው ንግሥት ፊሊፓ ተንበርክካ ለምና አዳነቻቸው ብለው ጽፈዋል። ከዚያ አብዛኛውን ነዋሪ አስወጥቶ እንግሊዞችን አሰፈረባት። እስከ 1558 የእንግሊዝ ከተማ ሆና ቆየች።

ካሌን_ያየ | 4፡15

ስለዚህ በ1500 ደርሰን ቢሆን ኖሮ፣ ካሌ መግባት እንግሊዝ መግባት ነበራ!

መርካቶ_ሰባተኛ | 4፡16

አምስት መቶ ዓመት ረፍዶባችኋል።

ካሌን_ያየ | 4፡19

እኔ ስምንት ወር ብቻ የዘገየሁ መስሎኝ ነበር።